መቶ ሃያ ሰባት ዲግሪ

ጎኩል ሰር ያን ቀን ሰው ማየት አልፈለጉም ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ አይቀርም፣ ከሰው ሁሉ የሸሹት ሰው ፊት ለፊት ይመጣል።

ከወንዙ ማዶ ካለው ኮሌጅ እየተመለሱ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ የፊዚክስ ፈተና ወረቀት ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ማሊካ ከኋላቸው በጭቃው ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትከተላለች። ወረቀቱ የእሷ ነው፤ ወድቃለች። ኮሌጁ ከብሔራዊው ፈተና በፊት ተማሪዎቹን የሚያጣራው በዚህ ፈተና ሲሆን፣ ያላለፈ የብሔራዊውን ቅጽ አይሞላም። ለወደቁት ከሃያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምላቸዋል። ማሊካ ግን ለድጋሚው ልብ የቀራት አትመስልም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ «ዳዱ፣ ሳይንስ ይቅርብኝ፤ ጭንቅላቴ አልተፈጠረለትም» ስትላቸው ለገዛ የልጅ ልጃቸው የሚመልሱት ጠፍቷቸው ነበር።

መልስ የጠፋው ሌላ ሰው ቢሆን ባልገረመን ነበር። ጎኩል ቻንድራ ሃልደር ከባሪሳል በታች ባለው በዚያ የወንዝ ዳር ሰፈር ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ አስጠንተዋል። በበረንዳቸው ምንጣፍ ላይ ያልተቀመጠ መሐንዲስ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ነርስ ከዚያ ሰፈር አልወጣም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። አሠራራቸው አንድ ነው። በቀይ ጨርቅ የተለበጠ ደብተር አላቸው፤ በደብተሩ ውስጥ ጥያቄው ከነመልሱ ተጽፏል። እሳቸው ያነባሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ በማግስቱ በቃላቸው ይወጡታል። የሚጠይቀው ፈታኙ ነው፤ በረንዳው ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ማሊካም ያጠናችው በዚያው ደብተር ነው።

ቀዛፊው ካሸም ጀልባውን ሊያስነሳ ሲል ደረሱ። ማሕፉዛን ያዩዋት አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ ማለት አይቻልም። ማሕፉዛ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ተማሪያቸው ነበረች። ከአውራጃው አንደኛ ወጥታ፣ ዳካ ሄዳ ፊዚክስ ተምራ፣ ከአምስት ወር በፊት እናቷን ልታስታምም ተመልሳለች፤ አሁን ከሩዝ ወፍጮው ጀርባ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ታስጠናለች። እሷ ዘንድ ልጆቹ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እስክሪብቶ አይነኩም፣ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ እየወረወሩ ሲከራከሩ ይውላሉ ይባላል። ጎኩል ሰር ይህን የሰሙ ዕለት፣ «ለድንጋይ ውርወራማ አስጠኚ ምን ያደርጋል፤ ልጆቹ በተፈጥሯቸው ይችሉበታል» ብለው ሻይ ቤቱን አስቀውት ነበር። ቀልዱ ወፍጮው ጀርባ ድረስ መድረሱን ያውቃሉ።

«አዳብ፣ ሰር» አለች ማሕፉዛ፤ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ነካች። ጀልባዋ ተንገዳገደች።

«አክብሮቱን መሬት ስትደርሺ አድርጊው፣ ልጄ፤ እዚህ ሁላችንንም ታሰጥሚናለሽ» አለ ካሸም መቅዘፊያውን እያስገባ።

ጎኩል ሰር በግራ እጃቸው ባረኳት። ቀኝ እጃቸው ወረቀቱን አልለቀቀም። ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀቻቸው፣ መለሱ። ማሊካ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ተቀምጣለች። ማሕፉዛ የልጅቱን ጀርባ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ ቀስ ብላ፣ «አንቺም መቶ ሃያ ሰባት ጻፍሽ?» አለቻት።

ማሊካ ሳትዞር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

የዚህን ቁጥር ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በቀዩ ደብተር ውስጥ አንድ ሰውዬ ወንዝ ይሻገራል። ጀልባው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ወንዙ ሦስት ይፈሳል፤ ሰውዬው ልክ ከፊት ለፊቱ ወዳለው ዳር ለመድረስ የጀልባውን አፍንጫ ከወንዙ አካሄድ በስንት ዲግሪ ማዞር አለበት? መቶ ሃያ ሰባት። ፈታኞቹ ለዓመታት አምስትና ሦስት፣ አንዳንዴ ሲደፍሩ አሥርና ስድስት እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ መልሱ አልተለወጠም። ዘንድሮ የኮሌጁ መምህር ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ጀልባውን አራት፣ ወንዙን አምስት አደረገውና «ሰውዬው ልክ ከፊት ለፊቱ ሊደርስ ይችላልን? አስረዳ» ብሎ ጠየቀ። ከጎኩል ሰር በረንዳ ከተፈተኑት አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሥራ ሰባቱ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ሰውዬውን በመቶ ሃያ ሰባት ዲግሪ አሻገሩት።

«መልሱ ልክ ነው» አሉ ጎኩል ሰር፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ልክ ነው፣ ሰር፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ሆነ እንጂ።»

«ፈታኙ ነው ያጠመዳቸው።»

«ፈታኙ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የለወጠው፣ ሰር። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለት ቁጥር ሲለወጥ የሚጠፋ ዕውቀት ቀድሞም የልጆቹ አልነበረም።»

ጎኩል ሰር ለመቆጣት አሰቡ፤ ግን ጀልባ ላይ ተቆጥቶ መሄጃ የለም። ስለዚህ ማስተማር ጀመሩ። ታላቁ ማዕበል አገሩን በመታ ዓመት ማስጠናት ሲጀምሩ በአካባቢው የተረፈው የፊዚክስ መጽሐፍ አንድ ብቻ እንደነበረ፣ እሱም በስብሶ ገጾቹ እርስ በርስ እንደተጣበቁ፣ ገጽ በገጽ እያላቀቁ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ በኩራዝ እየገለበጡ ያን ደብተር እንደሠሩት ነገሯት። ማሕፉዛ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ቢሆንም አላቋረጠቻቸውም።

«አንድ መጽሐፍ ለአርባ ልጅ» አሉ። «ባላነብላቸው ኖሮ ምን ሊማሩ ነበር? አሁን እናንተ ከዳካ ትመጡና ልጁ ይመራመር፣ ለምን ይበል ትላላችሁ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው እኮ! ያለው አንድ ዕድል ነው። ለምን ለምን ሲል ደወሉ ይደወልበታል። መረዳት የሀብታም ልጅ ጌጥ ነው፤ ድሃው የሚያስፈልገው ማለፍ ነው።»

«ያኔ ደብተሩ ነፍስ አድን ነበር፣ ሰር፤ ይህን የሚክድ ካለ እኔ ራሴ እጣላዋለሁ። ዛሬ ግን መጽሐፍ የሌለው ልጅ የለም። የጎደላቸው የሚጽፉት አይደለም፤ የጻፉትን የሚጠይቃቸው ሰው ነው። ድሃው አንድ ዕድል ብቻ አለው ብለዋል። ታዲያ አንድ ዕድል ያለው ልጅ ነው ወይስ ብዙ ዕድል ያለው፣ ቁጥሩ ሲለወጥ መንገድ ማወቅ ያለበት?»

«አንቺስ በምን አለፍሽ? በዚሁ ደብተር አይደለም?»

ማሕፉዛ ዓይኗን ወደ ውሃው ጣለች። ጎኩል ሰር ያሸነፉ መስሏቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«በደብተሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ዳካ በገባሁ በመጀመሪያው ወር መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ ከነነጥቡ ጻፍኩት። ‹ጥሩ፤ ይህ መስመር ከየት መጣ?› አለኝ። ዝም አልኩ። ‹እሺ፣ ይሄኛውስ?› አለኝ። ዝም። ሰማንያ ሰው እያየኝ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም እያልኩ አለቀስኩ። ሰር፣ እዚያ የደረስኩት በእርስዎ ነው። እዚያ ደርሼ ድዳ የሆንኩትም በእርስዎ ነው። ይህን ልነግርዎ ዘጠኝ ዓመት ፈራሁ።»

ማሊካ ዞር ብላ አየቻት። ጠዋት ለአያቷ የተናገረችውን ቃል በሰው አፍ ሰምታው ነው። ጎኩል ሰርም ሰምተውታል። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት የተከበረ ሰው በአንድ አፍታ አይረታም፤ «ዳካ ድፍረት ታስተምራለች ማለት ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ማሕፉዛ ተከራክራ አልገፋችም። ማሊካን ጠጋ ብላ የጀልባው አፍንጫ ወዴት እንደ ዞረ ጠየቀቻት። ልጅቱ አየችና ወደ ጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ፣ ሽቅብ ነው አለች። «የምንሄደውስ?» ማዶ ወዳለው መሻገሪያ፣ ከጭስ ማውጫው ዝቅ ብሎ። «ለምን ታዲያ ካሸም ቻቻ አፍንጫውን ወደማንሄድበት አዞረው?» ማሊካ የተወለደችው ወንዝ ዳር ነው፤ በዚያ ጀልባ ስንት ጊዜ እንደተሻገረች ቁጥር የለውም። ጥያቄው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሳት ያን ጊዜ ነው። እንደ ልማዷም መልሱን ፍለጋ አያቷን አየች።

«ወንዙ ስለሚሰርቀን ነዋ» አለ ካሸም፣ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም በሚል ድምፅ። «የሚሰርቀኝን አስቀድሜ ሽቅብ እከፍለዋለሁ።»

«ወንዙ ከክንድህ ከበለጠስ፣ ቻቻ?» አለችው ማሕፉዛ።

«ባለፈው ሳምንት በልጦ ነበር። እንዲያ ሲሆን አፍንጫዋን እንኳን ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ሰማይም ባዞራት መሻገሪያው ላይ አልደርስም። ከታች ዓሣ ገበያው ዘንድ አወርዳችኋለሁ፤ ከዚያ በእግራችሁ እያማችሁኝ ትመለሳላችሁ።»

ማሊካ መቅዘፊያውን፣ ውሃውን፣ ጭስ ማውጫውን ተራ በተራ አየች። «እንደዚያ ከሆነ… ማዕዘኑ የለም ማለት ነው?» አለች። «መልሱ ‹አይችልም› ነበር?»

ከወደቀች ወዲህ ሳትጠየቅ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ጎኩል ሰር ግን መሬት እንደ ነኩ ማሕፉዛን በአጭሩ ተሰናብተው ወደ ቤታቸው አቀኑ።

አልተረቱም ብያለሁ፤ እንቅልፋቸውን ግን አጥተዋል። ልባቸው የያዘው አንድ ተስፋ ነበር፤ ልጆቹ ደንግጠው ነው እንጂ ያውቃሉ፣ የፈተና ፍርሃት ነው የጣላቸው የሚል። ይህን ለማረጋገጥ በማግስቱ ጠዋት፣ ሃያ ሁለት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተሰብስበው ሳለ፣ በደብተሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ቀላሉን መረጡ። ከሃምሳ ሜትር ማማ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ ስንት ነው? የሚለውን ነው። ሲያነቡት ግን ሆን ብለው አንድ ነገር አስቀሩ። «ከማማ ላይ አንድ ድንጋይ ተለቀቀ፤ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ ስንት ነው?» አሉ፤ የማማውን ቁመት ዋጡት። ልጆቹ ይህ ጥያቄ ጎዶሎ ነው ብለው እስኪሥቁ ጠበቁ።

የሣቀ የለም። ሃያ አንድ ራስ አቀረቀረ፣ ሃያ አንድ እስክሪብቶ ተንጫረረ። ጎኩል ሰር በየትከሻው ላይ እያጎነበሱ አዩ፤ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሦስት። ማንም ቁመቱን ካልነገራቸው ማማ ላይ የወደቀውን ድንጋይ እስከ ነጥቡ ድረስ ሠርተውታል። ጽሑፋቸውም ያማረ ነው፤ ከመልሱ በታች በማስመሪያ ሁለት መስመር አስምረዋል።

ያልጻፈችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ማሊካ እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፈራ ተባ ስትል ቆየችና፣ «ዳዱ፣ የማማው ቁመት ስንት ነው?» አለች።

ጎኩል ሰር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የወደቀችው እሷ ናት። ከሃያ ሁለቱ መካከል አስጠኚን የሚያኮራ ሥራ የሠራችውም እሷው ናት፤ ይህን ያገኘችውም በጀልባ ላይ፣ በሩብ ሰዓት፣ ከቀዛፊና ከዚያች ከደፋር ልጅ ነው። ከእሳቸው ለማግኘት ዕድሜዋን ሙሉ አጠገባቸው ኖራለች። ልጆቹን ዛሬ ቀደም ብላችሁ ሂዱ አሏቸው፤ ይህም በሠላሳ አራት ዓመት ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው።

ሰው በሸመገለ ጊዜ መሳሳቱን ሲያውቅ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ስሕተቱን ክብር ብሎ ይጠራዋል፣ ወይ ተነሥቶ ይሄዳል። ጎኩል ሰር ተነሥተው ወደ ወፍጮው ጀርባ ሄዱ። ማሕፉዛ ሲገቡ ስታያቸው ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ ልጆቹም እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ። ደጃፉ ላይ እንደ ቆሙ፣ ሻይ ቤት የተናገሩትን ቀልድ አንሥተው በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ስለ ማማው ነገሯት፤ አልሣቀችም።

«ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው» አሉ። «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ደብተሩን ላቃጥለው?»

«ለምን ሲባል፣ ሰር? በየቀኑ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቁጥር ይለውጡ። አንዳንድ ቀን እንደ ዛሬው አንድ ቁጥር ያስቀሩ፤ አንዳንድ ቀን የማያስፈልግ ቁጥር ይጨምሩ። እስክሪብቶ ከመነካቱ በፊት መልሱ ትልቅ ይሆናል ወይስ ትንሽ፣ ለምን፣ ብለው ያከራክሯቸው። ያ ደብተር ገና ሌላ ሠላሳ ዓመት ያስተምራል።»

«ሲከራከሩ የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ?»

«ይጠይቁዎታል፣ ሰር። እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ እዋረዳለሁ፤ ይለመዳል።»

የቀሩትን ቀናት ማሊካን ሁለቱም ያዟት፤ ጠዋት አያቷ፣ ከሰዓት ማሕፉዛ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። ልጅቱ ሁለት ጊዜ አልቅሳለች፣ አንድ ጊዜ ደብተር ወርውራለች። አያቷም አፋቸው እንደ ለመደው መልሱን ሊነግራት ሲል ከንፈራቸውን ነክሰው የሚይዙበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለመናገር የለመደ ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክመው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በድጋሚው ፈተና የመጣው ጥያቄ በደብተሩ ውስጥ ያልነበረ፣ ማሕፉዛም ያላነሣችው ነበር። ማሊካ አለፈች። ነጥቧ የሚያስጨፍር አይደለም፤ የፊዚክስ መምህሩ ግን ከአንዱ ስሕተቷ አጠገብ «መንገዱ ትክክል ነው፤ ስሌቱን ተመልከቺ» ብሎ ጽፎላት ነበር። ቅጹን የሞላችው በዚያው ሳምንት ነው፤ በሳይንስ ክፍል።

የበረንዳው አዲስ አሠራር ግን በሁሉም ዘንድ አልተወደደም። አንድ ጠዋት የዓሣ ነጋዴው ዲሊፕ ልጁን ሊወስድ መጣ። ልጁ ኖያን ቤት ሲገባ የሚያሳየው ጽሑፍ እያነሰ መሄዱ፣ እንደ ወፍጮ ጀርባዎቹ ልጆችም ማውራት ማብዛቱ አናዶታል። በምንጣፉ ጠርዝ ቆሞ፣ በሁሉም ፊት፣ «ሰር፣ እኛ ድሆች ነን። ልጄ ያለው አንድ ዕድል ነው። መልሱን ይስጡት፣ ያስጽፉት፣ ይለፍ፤ ምርምሩን የሀብታም ልጆች ያድርጉት» አላቸው።

ጎኩል ሰር የራሳቸው ቃል በሰው አፍ ሲመለስ ሰሙት። አልተቆጡም፤ እንዲቀመጥ ጋበዙት፤ እምቢ ሲል እሳቸውም ተነሥተው ቆሙለት።

«ዲሊፕ ልጄ፣ አንተንም አስጠንቼሃለሁ» አሉት። «ያስጻፍኩህን ሁሉ ጽፈህ አልፈሃል። አሁን ከዚያ ምን ቀረህ?»

ዲሊፕ መሬት መሬት አየ። «ምን ይቀራል፣ ሰር፤ ድሮ ነው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በቃል የተያዘ የፈተናው ዕለት ያልቃል። ያወቀው ግን አይጠፋውም። ቁጥሩ ቢለወጥ አይደነግጥም፤ ወደ ከተማ ቢሄድ ሰማንያ ሰው ፊት አያፍርም፤ የሚመዝኑለት ሚዛን ቢሰርቀው ያውቃል፤ ፋብሪካ ቢገባ ማሽኑ ሲቆም ለምን ቆመ ይላል። ቢወድቅ እንኳ የት ላይ እንደ ወደቀ ስለሚያውቅ ይነሣል። የሀብታም ልጅ ቢወድቅ አባቱ ያነሣዋል፤ ያንተን ልጅ የሚያነሣው ይኸው ነው። እኔ መረዳት ጌጥ ነው እል ነበር። ለድሃ ልጅ መሣሪያው እሱ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ነፍጌያቸው ኖርኩ።»

ዲሊፕ ልጁን ይዞ አልሄደም፣ ከቆመበትም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ፣ ሦስት ዓመት እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አንድም ቃል ያልተነፈሰው ኖያን፣ አባቱን በዓይኑ ሰርቆ እያየ እጁን አወጣ።

«ሰር፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው?»

ይህን ጥያቄ ድሮ የጠየቀ ልጅ ቢኖር መልሱ «ሕጉ እንዲህ ነው፤ ጻፍ» ነበር። ጎኩል ሰር አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃሉ ምላሳቸው ላይ መጣ፣ መልሰው ዋጡት። አንድ የቆየ ተማሪያቸውና ሃያ ሁለት ልጆች ያዩአቸዋል።

«አላውቅም» አሉ። «ሕጉን አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ከእናንተ ይህን የሚሞክር አለ?»

ከኋላ ማሊካ ተነሣች። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ዳዱ» አለች፤ «ግን ልሞክር» ብላ በልጆቹ መካከል አልፋ ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀበለች። ለአዲሱ አሠራር ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች፣ መሀሉ ላይ ዜሮ ጻፈች፣ ትንሽ አሰበችና አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው።

ዲሊፕ ጫማውን አውልቆ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።